የጠፋው 1,300 ብር እና የሳባ ታሪክ

(ከጥምቀት በኋላ በተደረገው የማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ለመጽሔቱ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተስተካክሏል።)



ሊቀመንበራችን «ስለ ልጆች ንባብ ጥቂት ተናገሪ» ስትለኝ ቶሎ እሺ ማለቴ ገርሟት ነበር። እኔ ሰው ፊት መቆም እንደማልወድ ታውቃላችሁ። እሺ ያልሁት ከንባቡ ጋር የተያያዘ ሌላ የምናገረው ነገር ስላለኝ ነው። እሱም የሣጥናችን ነገር ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ልጀምርና ወደ መጽሐፉ እመጣለሁ።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለደጋፊዎቻችን እንዲገባቸው ልናገር። የቁጠባ ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው። ሣጥኑ በአንዲት አባላችን ቤት ይቀመጣል፣ ቁልፎቹ ግን በሌሎች በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ቁልፌን በማተቤ አስሬ አንገቴ ላይ ነው የማውለው።

ባለፈው ጳጉሜን የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ መዝገቡ 41,260 ብር አለ። ስንቆጥር 39,960 ብር ሆነ። ደግመን ቆጠርን፣ ያው ነው። 1,300 ብር የለም።

ያን ማታ በስብሰባው ላይ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ከስብሰባው በኋላ ግን ቡና ላይ ወሬ ተጀመረ። «ሣጥኑ የሚያድረው እሷ ቤት አይደለም እንዴ?» ተባለ። «ቁልፍ እንደሆነ ማንም ያስቀርጻል» ተባለ። ከዚያ አንዷ «በዚህ ክረምት ቤቷን ያለበሰችው አዲስ ቆርቆሮ ከየት መጣ?» አለች። ያቺ አንዷ እኔ ነኝ። ዛሬ ስሟን አልጠራም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ከእሷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤት ነን። እናቴ ያረፈች ጊዜ የለቅሶ ቤቴን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሰልስት ያቆመችው እሷ ናት። እኔ ግን አንድ ቆርቆሮ አይቼ ሌባ አደረግኋት። በመስከረም ሣጥኑ «ለደኅንነት» ተብሎ ከቤቷ ወጣ። ምንም አላለችም፣ በሩን ከፍታ አስወጣችን። ከዚያ ወዲህ ወርኃዊ መዋጮዋን አንድም ቀን ሳታሳልፍ በልጇ ትልክ ነበር፣ እሷ ግን አልመጣችም። ቡናዬንም አልጠጣችም።

አሁን ወደ መጽሐፉ።

የልጅ ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የመጣችው ከዳባት በኩል ካለ ገጠር ነው፤ ትምህርቷ ሲቋረጥባት ጊዜ ወደ እኔ ላኳት። ዝምተኛ ናት። ያገኘችውን ግን ሁሉ ታነባለች፣ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር። በኅዳር ወር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የመጻሕፍት መደብር በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አንብባ መጣች፦ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ለልጆች የምስጢር ታሪክ ይቀርባል፣ መግቢያ በነጻ። እውነቱን ለመናገር እኔን ያንቀሳቀሰኝ «በነጻ» የሚለው ቃል ነው።

ደራሲዋ ራሷ ቀርባ የምትናገር መስሎኝ ነበር። የቀረበው ግን አንድ መምህር ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ እሱ አንብቦ በአማርኛ ሊተርክ ነው የመጣው። ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ተውሰው፣ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በመደርደሪያዎቹ መካከል ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔና ሌሎች አሮጊቶች በሩ ሥር ቆምን፤ በኋላ ላይ ካርቶን አነጠፉልን።

የመጽሐፉ ስም «ሳባ» ነው፤ «በጅብ እግር ሥር» የሚል ተጨማሪ ርእስም አለው። የጻፈችው ጄን ከርትዝ ናት። አሜሪካዊት ብትሆንም በሁለት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ አገራችን መጥታ በደቡብ ምዕራብ፣ ማጂ በምትባል ተራራማ ቦታ ያደገች ናት። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረዶችን ታሪክ ከየአገሩ ከሚያቀርቡ ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። የት መሰላችሁ? እዚሁ ጎንደር! መምህሩ ይህን ሲናገር ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ የፋሲል ግቢ ያለው በዚያ በኩል ነዋ።

ሳባ ከሰው በራቀ ገጠር ከአያቷና ከወንድሟ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። አንድ ቀን ልጆቹ ተጠልፈው ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ይወሰዳሉ። ድሀ የገጠር ልጆች ለቤተ መንግሥት ምን ያደርጋሉ? ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ተርኮ ተርኮ እዚህ ሲደርስ አቆመና «ለምን የተወሰዱ ይመስላችኋል?» አለ።

ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ «ለባርነት» አለ፣ አንዷ «ለጋብቻ» አለች፣ አንድ ትንሽ ልጅ «አያታቸው ሽጣቸው ይሆናል» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። መምህሩ አንዱንም ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል አላለም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወረቀት አደለና ከመካከሉ እንዲያጥፉት አዘዘ። በግራ በኩል «ያየነው»፣ በቀኝ በኩል «የገመትነው» ብለው እንዲጽፉ ነገራቸው። ከታሪኩ የሰሙትን በግራው፣ ከራሳቸው ያመጡትን በቀኙ እየለዩ እንዲጽፉ።

ከዚያ ትረካውን ጥቂት ገታ አድርጎ ስለዘመኑ አስረዳቸው። ዘመነ መሳፍንት ነው። ዙፋን ላይ ያሉት ንጉሠ ነገሥት ስም እንጂ ሥልጣን የላቸውም። ሥልጣኑ ያለው በየጁው ራስ ዓሊና በእናታቸው በእቴጌ መነን እጅ ነው። በዚያው ዘመን ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ገና እየገነነ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ እቴጌ መነንን በጦርነት ይማርካቸዋል። ዘውድ የደፋ ሁሉ ሥልጣን በማይኖረው ዘመን፣ የማን ልጅ መሆን ትልቅ ነገር ነበር አለ። ይህን ሲል የእኔዋ ልጅ ቀና አለችና ከ«የገመትነው» ሥር አንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ጻፈች። በኋላ ሳየው «ልጆቹ የትልቅ ሰው ዘር ናቸው» ይላል። ልክ ነበረች፤ የንጉሥ ዘር ናቸው። የቀረውን አልነግራችሁም፣ ልጆቻችሁ ይሰሙታል።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ትረካውን በቅጡ አልሰማሁም። በሐሳቤ አንድ ወረቀት አጥፌ ነበር። ቆርቆሮውን ያየሁት ነው። በማኅበራችን ገንዘብ መገዛቱን የገመትሁት ነው። ሣጥኑ እሷ ቤት ማደሩን አይቻለሁ። ቁልፍ ማስቀረጿን ማን አየ? ማንም።

ትረካው ሲያልቅ ከእኛ ጋር የቆሙ አንዲት እናት «ይህ የምስጢር ታሪክ የሚሉት የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለልጆቻችን ምን ይረባል?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ «እንቆቅልሽስ እማማ?» አላቸው። ሳቁ። እውነቱን ነው። እኔ ወገራ ሳድግ ማታ ማታ እሳት ዳር ሥራችን እንቆቅልሽ ነበር። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። እኔ አምባ ጊዮርጊስን እሰጥ ነበር፣ ዳባትን እሰጥ ነበር፣ ደባርቅንም እሰጥ ነበር፤ ጎንደርን ግን አልሰጥም ብዬ አለቅስ ነበር። ያኔ ጎንደርን በዐይኔ አላየኋትም። መምህሩ ለዐዋቂዎች ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በአማርኛ እንደጻፉ ጠቅሶ፣ ለልጆች የሚሆነው ግን ጥቂት መሆኑን ተናገረ። እሱን እንኳ መደርደሪያው ይመሰክራል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መርምሬ ለልጄ የሚሆን ያገኘሁት አንድ እጅ የማይሞላ ነው። ካገኘሁት አንዱን አነሣሁና ዋጋውን አይቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ከዚያ አንድ አባት ስለ ሌባ ሻይ አነሡ። ወጣቶቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። አያቴ ስታወራ እሰማ ነበር። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻዩ ይጠራል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ራሱን ያስተዋል። ልጁ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ገመዱን ሰው ይዞለት በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ባለፈው መቶ ዓመት ተከልክሎ ቀረ። አውጫጭኝም ነበር፤ እሱ እንኳ ይሻላል፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ይጠያየቃል። አባትየው ሌባ ሻይን ሲተርኩ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኛም ቡና ጠጥተን ተነሥተን፣ እየተንገዳገድን ሄደን አንዲት ሴት ቤት ላይ ወድቀናል።

ማታ ቤት ስንገባ ለልጅቷ ነገርኋት። የሴትዮዋን ስም አልነገርኋትም፣ ግን ልጅ ምን ይደበቀዋል። ወረቀቷን አጥፋ መጠየቅ ጀመረች። «ሦስቱን ቁልፍ አስቀርጻ ከሆነ ለምን ሁሉንም አልወሰደችም? ለምን 1,300 ብር ብቻ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሣጥኑ ሲከፈት እማማ ነበሩ?» አለችኝ። ሁልጊዜ ነበርሁ። «እንግዲያው ገንዘቡ ሳይሆን የጠፋው ጽሑፉ ቢሆንስ?» አለች። ሦስት ወር ሙሉ ሣጥኑን ስናይ፣ ቁልፉን ስናይ፣ ቆርቆሮውን ስናይ፣ መዝገቡን ግን ከላይ ወደታች ደግሞ ያነበበው ሰው የለም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ዐይኔም ደክሟል፣ የእጅ ጽሑፍ አያነብልኝም።

በማግስቱ ጸሐፊያችንን ለምኜ፣ በእሷው ቤት፣ እሷው ባለችበት መዝገቡን ከፈትን። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችልን። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልተገኘም፤ ጸሐፊያችንም ተሰላችታ ሽንኩርት መላጥ ጀምራ ነበር። ግንቦት ላይ ስንደርስ ልጅቷ አነበበች፦ ግንቦት 12፣ ብድር የመለሰች፣ 800 ብር። ቀጠለች። ሦስት ገጽ ካለፈች በኋላ ቆመች። «እማማ፣ ሚካኤል በስንት ቀን ነው የሚውለው?» አለችኝ።

«በዐሥራ ሁለት» ከማለቴ ጸሐፊያችን ቢላዋዋን ጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ወር ጸሐፊያችን አራስ ነበረች፣ ሌላ አባል ተክታት በወረቀት ትይዝ ነበር። ተተኪዋ «በሚካኤል ዕለት 800 ብር» ብላ ጻፈች። ጸሐፊያችን ስትመለስ መጀመሪያ ከተበዳሪዋ ደብተር ላይ «ግንቦት 12» ብላ ገለበጠች፣ በኋላም ተተኪዋ የሰጠቻትን ወረቀት አግኝታ እሱንም ገለበጠች። አንድ ቀን በሁለት ስም ተጽፎ አንድ 800 ብር ሁለት ጊዜ ገባ። መዝገቡ ከሣጥኑ የበለጠው ለዚህ ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጭበረበረም። አራስ የነበረች ሴትም፣ ተክታ የሠራች ሴትም አይወቀሱም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለ። 380 ብር ደግሞ በሰኔ አንዲት አባላችን ሐዘን ሲደርስባት በሌሊት ተከፍቶ የተሰጠ ነው። ሦስታችንም ቁልፍ ያዦች ነበርን፣ ሦስታችንም ረስተነዋል። የፈረመችበት ብጣሽ ወረቀት ከመዝገቡ ሽፋን ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተገኘ። 800 እና 380 ሲደመር 1,180 ነው። የቀረው 120 ብር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልበል ወይስ ሰው ይዤ ልሂድ እያልሁ ሳመነታ ነበር፤ በመጨረሻ ብቻዬን፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ስለ 800 ብሩ፣ ስለ 380ው ነገርኋት። «ቆርቆሮውን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኋት። «አውቃለሁ» አለች። ሦስት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር! ለካ ቆርቆሮውን የገዛችው ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ሁለት ዓመት አጠራቅማ በላከችው ገንዘብ ነው። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች፣ እኔም አለቀስሁ። በመጨረሻ «በይ ቡና አፍይልኝ፤ ሦስት ወር ብቻዬን ነው የጠጣሁት። አቦሉን ብቻ ጠጥቼ እሄዳለሁ ብትይ አልለቅሽም፣ እስከ በረካው ነው» አለች። እስከ በረካው ጠጣን። ይቅር ማለቷን ግን በቃሏ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ስለ ልጆች ንባብ ተናገሪ ተብዬ ይህን ሁሉ ማውራቴ ለዚህ ነው። ሦስት ነገር እንድንወስንበት አቀርባለሁ።

አንደኛው፣ ስብሰባ በምናደርግበት በዚህ ክፍል ጥግ አንድ የልጆች መደርደሪያ ይቁም። ትልቅ ነገር አላልሁም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉ ሰው ስደተኛ ሆነው አሜሪካ ገብተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ አለመኖሩ አንገበገባቸውና አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ የጀመሩትም በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነው። በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እየጫነ ለልጆች የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። አህያ እኛም አናጣም። እሳቸው በቤታቸው ከጀመሩ እኛ በአንድ ጥግ መጀመር አያቅተንም።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፣ በግልጽ ስናገር አትቀየሙኝ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በካርቶን ሞልታችሁ ልታመጡልን አስባችሁ ከሆነ ጥቂቱ ይበቃናል። መጽሐፉ በአማርኛ የተጻፈ፣ እዚሁ ጎንደር ካለ መደብር የተገዛ ይሁን። መደብሩም ይቆማል፣ ለልጅ የሚጽፍ ሰውም ገዢ አለኝ ብሎ ይጽፋል። እንደ «ሳባ» ያለ ስለ እኛው ከተማ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ መምህር ፈልገን በአማርኛ እናስተርከዋለን። መምህሩን አነጋግሬዋለሁ፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሊመጣ ፈቃደኛ ነው። ክፍያ አልጠየቀም፣ እኛ ግን የትራንስፖርቱን ልንሰጠው ይገባል።

ሦስተኛው፣ ከእንግዲህ በየሩብ ዓመቱ መዝገቡ በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ማንበብ የሚችሉ ልጆቻችን ያንብቡልን፣ እኛ እንስማ። ቀን ሲጻፍም በቁጥር ብቻ ይጻፍ። ሚካኤልንም፣ ማርያምንም፣ መድኃኔዓለምንም በልባችን እናክብራቸው፣ በመዝገቡ ላይ ግን 12፣ 21፣ 27 ይባሉ።

120 ብሩን ረስቼው አይደለም። የልጅ ልጄ በወረቀቷ በግራው በኩል «120 ብር የለም» ብላ ጽፋለች። በቀኙ በኩል ምንም አልጻፈችም። «ገና አላየሁም» ነው የምትለው። ከእናንተ መካከል የምታስታውስ ካለች፣ ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊያችን ትንገር።

በመጨረሻም ድምፅ እንድትሰጡበት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለኝ። ሣጥኑ ወደነበረበት ቤት ይመለስ። ባለቤቷን ጠይቄያታለሁ። «ስትወስዱት እንዳልተሸከምሁላችሁ ስትመልሱትም አልሸከምም» ብላለች። ሣጥኑ ከባድ ነው፣ ዳገቱም አለ። ድምፅ ስትሰጡ ቢያንስ አራታችሁ ለመሸከምም እጃችሁን አውጡ፤ አንዷ እኔ ነኝ።